ምርቃቱን የተቀበለው ሰው

ሲስተር ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም?

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንዳገላበጥኩት የምናውቀው እኔና ትራሴ ነን። አንዳንድ ቀን «እንዴታ ያውቃሉ እንጂ! ያን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖረው፣ ከእኛ ጋር ለቅሶ ደርሰው፣ ከእኛ ጋር ሙሽራ ሸኝተው፣ ይህን እንዴት ያጡታል?» እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብተው ከወንዶቹ መደዳ፣ ያውም በሟች ታላቅ ወንድም ቦታ ላይ ዘፍ ብለው የተቀመጡት እኚሁ ሴት መሆናቸው ትዝ ይለኝና «አያውቁም» እላለሁ። ዛሬም ድረስ ቁርጡን አላውቅም።

ሲስተር ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ አንድ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ፈረንጅ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከእኛ አማርኛ ጋር አንድ ነበር፤ እንደ እኛው ሀዲይኛ እየገባበት። ዕድሜያቸው ገፋ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ማኅበራቸውም ወደ አገራቸው ይመለሱ ብሎ ወሰነ። ዘመኑ የደርግ ነው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት በራፉ ላይ ሁልጊዜ ዓይን ነበረበት። መሪው ደካማ ከሆነ፣ ልጆች ከወደቁ፣ መምህራን ከተጣሉ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ለሰፊው ሕዝብ» ብሎ ይረከበዋል። በአካባቢያችን እንዲህ ሆነው የቀሩ ነበሩ። ስለዚህ ሲስተር ሲሄዱ ማን ይተካል የሚለው ነገር ለእኛ የወንበር ጉዳይ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ይቆያል ወይስ አይቆይም ነው።

እኔ የዚያ ትምህርት ቤት ያለብኝን ዕዳ ካልተናገርኩ የሚከተለው አይገባም። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ታናናሾቼ ፊደል ለይተው ሲጨርሱ እኔ ገና እንሰት እፍቅ ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ ቁመቴ ከአስተማሪዋ እኩል ስለነበር ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ይለኛል፤ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምጽፈው። ልጆቹ «እማማ» ይሉኛል። «እማማ፣ እርሳስ!» «እማማ፣ መቅረጫ!» ሁለቱንም ሁልጊዜ እይዝ ስለነበር አልተቀየምኳቸውም። የሚያስቀይመኝ የአስተማሪዎቹ ርኅራኄ ነበር። ስሳሳት «አይዞሽ፣ ለዕድሜሽ ጥሩ ነው» ብለው ያልፉኛል።

ያላለፉኝ አንድ ሰው ናቸው፤ የሒሳብ መምህሩ። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። ደብተሬን በቀይ ሞልተው መለሱልኝ። «ይቅርታ መምህር፣ እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት» አልኳቸው፣ ሌሎቹ ላይ እንደሚሠራው ይሠራል ብዬ።

«ዕድሜሽን መቼ ጠየቅኩሽ?» አሉኝ። «ሦስተኛውን መስመር እንደገና ሥሪው።»

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ አልበቃኝም። ሰው የሚያርመኝ ከሰው ሲቆጥረኝ ነው የሚለውን እምነቴን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከዚያ ክፍል እየዘለልኩ ጨረስኩ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ተመልሼም እዚያው አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። የመጻሕፍት ክፍሉም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ቤተሰቦቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ካቶሊክ ሆንኩ። እናቴ «መጽሐፍ ፍለጋ ሄዳ መቁጠሪያ ይዛ መጣች» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር፤ ግማሹ ቅሬታ፣ ግማሹ ኩራት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሲስተርን ይተካሉ ተብሎ ስማቸው የሚነሳው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራችን፣ የቁምስናው ካቴኪስት ናቸው። ከዱራሜ ወገን የመጡ፣ ድምፀ መልካም፣ ሰፊ ሰው። እሳቸውን የሚጠላ አንድም ሰው አላውቅም። ልጅ አርፍዶ ሲመጣ በር ላይ ያገኙትና «እንኳን በሰላም መጣህ!» ይሉታል። በእሳቸው ትምህርት የወደቀ ተማሪ ታይቶ አይታወቅም። ልጆቹ «የጋሼን ፈተና ስምህን ከጻፍክ አልፈሃል፤ ረስተኸውም ከሆነ እሳቸው ይጽፉልሃል» ይባባሉ ነበር።

ሁለተኛው ያው የሒሳብ መምህሩ ናቸው። ግን እሳቸው ጴንጤ ናቸው። የሚያመልኩባትን ቤተ ክርስቲያን ቀበሌው አሽጓታል። እሳቸውም ከሌሎች ጋር ተይዘው ለጥቂት ሳምንታት ታስረው ነበር። ሲፈቱ በማግስቱ ክፍል ገቡ፤ ጠመኔ አነሱና «ባለፈው የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ብለው ቀጠሉ። ተማሪዎቹ ከደስታ ብዛት የቤት ሥራ መሥራት ረስተው ስለነበር ያን ዕለት ሁሉም ቁጣ ደረሰባቸው።

ከሀገረ ስብከቱ አንድ አባ ጉዳዩን እንዲያዩ ተላኩ። ሰሜን ተወልደው ያደጉ፣ ለአገራችን እንግዳ፣ ትሑትና ጠያቂ ካህን ነበሩ። መምህራኑን አንድ በአንድ እየጠሩ አነጋገሩ። እኔንም «ትምህርት ቤታችን የካቶሊክ መሆኑ በምን ይታወቃል ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ትንሽ አሰብኩና «ስህተት ይታረምበታል» አልኳቸው።

ስለ ንስሐ የተናገርኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ በጣም ደስ አላቸው። እኔ እንኳ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ነበር።

ከዚያ ሐሳባቸውን ሳይደብቁ ነገሩኝ። «ልጆቹ ሙስሊም ይሁኑ፣ ጴንጤ ይሁኑ፣ ኦርቶዶክስ ይሁኑ፤ እሰየው። አስተማሪውም እንዲሁ። ግን ልጄ፣ ራስ የሆነው ሰው ከእኛ ጋር ካልቆረበ፣ ውሎ አድሮ የሚቀረን ስሙ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም።» ይህን ነገር ዛሬም አላቃልለውም። ከአስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ካቶሊኮች አይደሉም፤ ከተማሪዎቹማ አይወራም። ሥሩን ማን ይጠብቅ? ጥያቄው የደግ ሰው ጥያቄ ነው። አባም ልባቸው ወደ ካቴኪስቱ ማዘንበሉ ለሁላችንም ታወቀ። የሲስተር መሸኛ ግብዣ ሲያበቃ እዚያው ተነሥተው ሹመቱን ሊናገሩ እንደሆነ ተወራ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ካቴኪስቱን እወዳቸዋለሁ፤ ንስሐ አባት የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ እሳቸውን እመርጥ ነበር። እሳቸው በሚመሩት ትምህርት ቤት ግን መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ አስተማሪዎች እንደሚያረፍዱ፣ ሰበብ ፈላጊዎቹ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ግን በሰዓታቸው እንደሚመጡ ይታየኝ ነበር። ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ለእኔ ጌጥ አይደለም፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ጠያቂው ግን መጣ።

ግብዣው ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ የተገነጠሉ መጻሕፍቴን እጠግን ነበር። ሙጫ ስለማይገኝ ቡላ በውኃ አፍልቼ ነበር የማጣብቃቸው። ሲስተር በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥቂት ሥራዬን ካዩ በኋላ፣

«ሽማግሌዎቹ በግብዣው ላይ እንድመርቅ ይፈልጋሉ» አሉኝ። «እኔ ግን የምሄድ ሰው ነኝ። በእናንተ ባህል ደግ ነው? ሌላ ሰው ቢመርቅ ይሻላል?»

እዚህ ላይ የአገሬን ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር የቤት ራስ የሆነ ሰው ሲያረጅ ወይም ርቆ ሲሄድ «እገሌን ሾሜአለሁ» አይልም። ማዕድ ቀርቦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ምርቃቱ ከእሱ ሲጠበቅ፣ ወደ አንዱ ዞሮ «አንተ መርቅ» ይላል። ያ ሰው ተነሥቶ ይመርቃል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ እሱም ከማዕዱ መጀመሪያ ይቀምሳል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። አሜን ያለ ሰው አሜኑን አይመልስም።

ይህን ለሲስተር ማስረዳት እችል ነበር። አላስረዳሁም። የሚያውቅን ሰው ማስረዳት ነውር ነው፤ የማያውቁ ከሆነም... እንጃ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦

«ለሌላ ሰው ቢሰጡት ነውር የለበትም፣ ሲስተር።»

«ለማን ልስጥ?»

የመጽሐፉን ጀርባ ተጭኜ እንደያዝኩ ቆየሁ። ቡላው በጣቶቼ መካከል ቀዘቀዘ። ከዚያ የሒሳብ መምህሩን ስም ጠራሁ።

ሲስተር «ለምን እሳቸውን?» አላሉም፤ «ጥሩ» አላሉም። ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ። በር ላይ ደርሰው ዘወር አሉና የማጣብቀውን መጽሐፍ በከዘራቸው ጫፍ እያሳዩ፣

«ቡላው ቀጥኗል፤ አይዝም» አሉኝ። ሄዱ።

እውነትም ቀጥኖ ነበር።

ግብዣው የተደረገው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግድም ነው፤ ሰዉ ገና በቅቤ እንደወዛ፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ሳያቆሽሹ። በግቢው መካከል ዳስ ተጣለ። ሸራውን ከጭነት መኪናቸው ፈተው ያመጡት ሐጂ ናቸው፤ በሆሳዕና የታወቁ ነጋዴ፣ የወላጅ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ። ሁለት በሬ ታረደ፣ አንዱ ለክርስቲያን አንዱ ለሙስሊም። ለሽማግሌዎቹ መደዳ አታካና፣ ያ በቅቤ የታሸ የቡላ ገንፏችን፣ በትልቅ ጣባ ቀረበ፤ ቅቤው መሐል ላይ እንደ ኩሬ ቆሞ፣ የቀንድ ማንኪያ ጎኑ ተሰክቶ። አባ ከሲስተር በስተቀኝ ተቀምጠዋል። ካቴኪስቱ ቀጥሎ። የሒሳብ መምህሩ ከአስተማሪዎቹ ጋር ራቅ ብለው፣ ልጆች ጣባ እንዳይደፉ እየተቆጣጠሩ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ በሀዲይኛ «ሲስተር፣ ይመርቁን» አሉ።

ሲስተር ተነሡ። ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ያለ ድጋፍ ቆሙ። ዓይናቸው በዳሱ ውስጥ ዞረና የሒሳብ መምህሩ ላይ አረፈ።

«መምህር» አሉ፣ «እርስዎ ይመርቁ።»

ሴቶቹ ጓዳ በር ላይ ሳህን እንደያዙ ቀሩ። የሒሳብ መምህሩ የአገሩ ልጅ ናቸው፤ ገብቷቸዋል። ፊታቸው ደም አጣ። መጀመሪያ ያዩት ካቴኪስቱን ነው። ካቴኪስቱ የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

የሒሳብ መምህሩ መጥተው ከጣባው ፊት ቆሙ። ምርቃታቸው አጭር ነበር፤ ለሚሄዱት ደኅና መንገድ፣ ለቀረነው ፍቅር፣ ለልጆቹ ዕውቀት፣ ለአገሩ ዝናብ። «አሜን!» የሚለው የመጀመሪያ ድምፅ ከካቴኪስቱ ጉሮሮ ነው የወጣው፤ ያ የቅዳሴ ድምፃቸው ሸራውን አርገበገበው። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። ከሁሉም በላይ ግን ደጋግመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በደስታ «አሜን! አሜን!» ያሉት አባ ነበሩ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። የዋጡት አይመስለኝም።

ምግቡ ሲያበቃ አባ ሹመቱን ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሰዉ ተነሥቶ የሒሳብ መምህሩን እየሳመ ነበር። ሰሚ አላገኙም። ለምን እንደሚስሟቸውም አልገባቸውም። «ልደታቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ፣ ሐጂን ጨምሮ፣ አባ ያረፉበት ቤት መጡ። ታላቁ ሽማግሌ አማርኛ ስለማይናገሩ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተጠራሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እዚያው ትቼ የሌላውን ቃል በጥንቃቄ ከወዲያ ወዲህ አመላለስኩ።

ሽማግሌው «ልጃችንን ስለሾሙልን ልናመሰግን መጣን» አሉ። ተረጎምኩ።

አባ «ማንን ሾምኩ?» አሉ። ተረጎምኩ።

ልማዱ ሲነገራቸው አባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ በስመ አብ! እኔ አሜን ያልኩት ለምግቡ ነው!»

ሐጂ ከእኔ ቀድመው መለሱ። «እኛም የሰማንዎት በምግቡ ላይ ነው፣ አባ።»

«ሐጂ፣ በአክብሮት ልናገርና፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት። ይህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው።»

«አውቃለሁ። ልጆቼን የማስተምርበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ሰውየው ጴንጤ ናቸው እኮ! ቀበሌውስ ምን ይላል?»

«ቀበሌው እኔንም አይወደኝም፣ እርስዎንም አይወድዎትም። እሳቸውን ከጠላማ ቤተሰብ ሆንን ማለት ነው።»

አባ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ያዘኑ መስሎን ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቃቸውን ያወቅነው። «በእኔ አገር» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ አሜን በበግ ነው የሚመለሰው።» ሽማግሌው ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር በበሬም አይመለስም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፤ የሒሳብ መምህሩ ለጊዜው «ተወካይ» ይባሉ፤ የጸሎቱና የትምህርተ ክርስቶሱ ነገር ሙሉ በሙሉ ለካቴኪስቱ ይሁን። ያ «ለጊዜው» ደርግ እስኪያረጅ ድረስ ቆየ። ሰዉ ሁሉ ርዕሰ መምህር እያለ ሲጠራቸው እሳቸው «ተወካይ» ብለው ያርሙ ነበር።

ከሲስተር ጋር ስንሰነባበት ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራ ቀኝ ሳሙኝ። አንድ ቃል ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። «አንብቢ» ብቻ አሉኝ። እሱን ደግሞ ለሁሉም ይሉታል።

በሚቀጥሉት ዓመታት ጠዋት ጠዋት ተወካያችን በር ላይ ናቸው። ክረምት ሲሆን በጃንጥላ፣ በጋ ሲሆን ባርኔጣቸውን ደፍተው። ያረፈደን ልጅ አይመቱም፤ አጠገባቸው ያቆሙትና አብሯቸው የቀሩትን ይጠብቃል። ልጆቹን ከሰዓት ጋር ያስታረቃቸው ይህ ነው፤ ከተወካዩ ጎን መቆም ከዱላ ይከብዳል። ካቴኪስቱ ጸሎት ሲያስደርሱ ተወካዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላ ይቆማሉ፤ አያማትቡም፣ አይወጡምም። ልጆቻችን ማለፍ ቀጠሉ። እኔም ከሺንሺቾና ከሆመቾ ድረስ መጽሐፍ ሊዋሱ የሚመጡ የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩኝና ከዚያ በላይ የምመኘው አልነበረም።

ካቴኪስቱ ግን መጀመሪያ ላይ ተጎድተው ነበር። ሰላምታ አልነፈጉም፤ ሳቃቸው ነበር የጠፋው። የተመለሰው አንድ ካድሬ በመጣ ዕለት ነው።

በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ካድሬው የእነዚያን ጺማም ፈላስፎች ሥዕል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ገባና «ጓድ ተወካይ፣ ይህቺን ሴትዮ አውርዱና እነዚህ ይሰቀሉ» አለ። አስተማሪዎቹ ሁሉ እዚያ ነበርን። ጴንጤ ለሥዕል እንደማይሰግድ ካድሬውም ያውቃል፤ ዓይኑ ላይ ሳቅ ነበረበት። በማን እጅ ሊያስወርድ እንደፈለገ ገባን።

ተወካያችን ሥዕሉን አዩት፣ ካድሬውን አዩት። «ጓድ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እኔ ለሥዕል አልሰግድም። እርስዎም አይሰግዱም። ሁለት የማይሰግዱ ሰዎች አንድ ሥዕል ይህን ያህል ምን ያስፈራናል? ግድግዳ ሞልቷል። የእርስዎዎቹ በትይዩ ይሰቀሉ።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ትእዛዙ ስቀሉ ነው የሚለው ወይስ አውርዱ?»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «ስቀሉ» አለ።

«እንሰቅላለን። ምስማር አምጡ!»

እንዲህ ሆኖ ጺማሞቹ ከእመቤታችን ፊት ለፊት ተሰቀሉ። ልጆቹ «እመቤታችን ቀኑን ሙሉ ተላጩ እያለች ትመክራቸዋለች» ይሉ ነበር። ካቴኪስቱ ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ተወካዩን እስከ ቤታቸው ሸኟቸው፤ እየሳቁ ሲሄዱ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማኝ ነበር። አባም በሌላ ጊዜ መጥተው ታሪኩ ሲነገራቸው ከሥዕሉ ሥር ቆመው ቆዩና ተወካዩን ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ በኋላ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል አንሥተው አያውቁም።

የእኔን ነገር ግን ለማንም አልነገርኩም። ተጸጽቼ አይደለም። የሲስተር ምርጫ ሆኖ ሲነገር ያምር ነበር፤ እኔ ስገባበት የሚያንስ መሰለኝ።

በደርግ መጨረሻ ግድም ሀገረ ስብከቱ በሆመቾ አቅጣጫ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ርዕሰ መምህሩ ካቴኪስታችን እንዲሆኑ ተወሰነ። በሚሄዱበት ዕለት ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ፍራሻቸው ከአውቶቡሱ ላይ ተጫነ፤ አውቶቡሱ ግን ሰው አልሞላም። በራፉ ላይ ካለች ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ረዳቱ «ሆመቾ! ሆመቾ!» እያለ ይጮኻል።

ካቴኪስቱ ሻያቸውን ሲያማስሉ ቆዩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«አንቺ» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አታባብይኝ፤ ማባበል አታውቂበትም። ይህን ነገር እችላለሁ?»

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«መምራቱን ነዋ! ያኔ አትሆንም የተባልኩ ሰው ዛሬ በምን ሆንኩ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሲስተር ቅድስት ሴት ነበሩ። ሰው ልብ ውስጥ የሚያዩ። ያን ዕለት ዓይናቸው እኔን አልፎ ሲሄድ... ሃይማኖቴ ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አይተዋል ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ። ስጸልይ እፈልጋለሁ፣ ልጆች ሳስተምር እፈልጋለሁ። አላገኘሁትም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዘው እንደኖሩ አላወቅኩም ነበር። ቅር ብሏቸው ይሆናል ብዬ ነበር እንጂ፣ ራሳቸውን ሲመረምሩ መክረማቸውን አላሰብኩም።

«ሲስተር አይደሉም» አልኳቸው። «ሲስተር ለማን ልስጥ ብለው ጠየቁኝ። የሒሳብ መምህሩን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ማንኪያቸው ቆመ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ልማዱን እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ በአጠገባችን አለፈ።

«ምን አጥፍቼ?» አሉ።

«አላጠፉም። ያረፈደን ልጅ እንኳን በሰላም መጣህ ይሉታል።»

«ታዲያ በሰላም መጥቶ የለ!»

«ፈተና ላይ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አይወዱም።»

«ደም ይመስለኛል።»

«ልጁ ግን ስህተቱን ሳያውቅ አለፈ፣ ጋሼ።»

ብርጭቆውን በጣታቸው አዞሩት። ቆይተው፣ «ባለቤቴ ኮት አሰፍታልኝ ነበር» አሉ። «ለሹመቱ። ሳጥን ውስጥ ከርሞ ለልጃችን ሠርግ ለበስኩት፤ ያኔ ጠቦኝ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?»

«አይደለም። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።»

ከዚያ ያ ሰፊ ደረታቸው መነቃነቅ ጀመረ፤ ሳቃቸው የሻይ ቤቱን ሰው ሁሉ አዞረው። «እናትሽ እውነት መናገር አስተምራሻለች» አሉ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እኛ ደግሞ ቀስ ብሎ መናገር ሳናስተምርሽ ቀረን።» መሐረቡ ግን ከዓይናቸው ቶሎ አልወረደም። «ሃይማኖቴ አይደለማ?»

«ሃይማኖትዎማ ለእኛም ይተርፈናል።»

«እህ» አሉ። ተነፈሱ። ብርጭቆውን አንሥተው የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። «በይ እሺ፤ እዚያ ስደርስ ምን ላድርግ?»

«ጠዋት በር ላይ ይቁሙ። እንኳን በሰላም መጣህ ይበሉት፤ ከዚያ ለምን እንዳረፈደ ይጠይቁት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ጥሩምባ ተነፋ። እየተጋፉ ገብተው በመስኮት በኩል ቦታ አገኙ። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ መስታወቱን ገፍተው አንገታቸውን አወጡ።

«ለእሳቸውስ ነግረሻቸዋል? ለተወካዩ?»

«አልነገርኳቸውም!»

«እንዳትነግሪያቸው! ከላይ የተሾሙ መስሏቸው ነው እንዲያ የሚለፉት። ሥራቸውን ታበላሺባቸዋለሽ!»

አቧራው ሲነሣ መስታወቱን ዘጉት። ከመስታወቱ ጀርባ ከጎናቸው ለተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሲያወሩና ሁለቱም ሲስቁ አየሁ።